መዥገሯና የእናቴ ምስክርነት

እናቴ መዥገር ነክሷት ነው የታመመችው ስል ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ራሷም ስቃለች። ከጉልበቷ ጀርባ ቀይ ቀለበት የመሰለ ነገር ወጥቶ አየሁና ስልኬ ላይ ከሚመሳሰሉ ፎቶዎች ጋር ካስተያየሁ በኋላ፣ «እማዬ፣ ይሄ የመዥገር ነው፤ ሐኪም ጋ እንሂድ» አልኳት።

«መዥገር የከብት ነው» አለች። «እኔ ላም ነኝ?»

«እዚህ አገር ሰውም ይነክሳል።»

«ላም ሲያጣ ነዋ!»

እንደዚያ ስትስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነበር ብዬ ብጽፍ ያምር ነበር። ግን ውሸት ነው፤ ከዚያም በኋላ ስቃለች። ብቻ ሳቋ ቶሎ የሚደክመው ሆነ። (ይቺን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሳነባት በጣም ደስ አለኝ። ስለሚያሳዝን ነገር እየጻፉ ደስ ማለት ነውር ይሁን አይሁን አላውቅም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እማዬ በአማርኛ ስትጠይቀኝ በጀርመንኛ የምመልስ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ግን ፊደሉ እጄ ላይ ገብቶልኛል፤ ማቆም አልቻልኩም።)

መዥገሯ የያዘቻት ከጉባኤያችን ጋር ወጥተን ነው። ቤተ ክርስቲያን የምንለው ሆኽስት የሚባል ሰፈር ውስጥ እሁድ እሁድ የምንከራየውን አዳራሽ ነው። ሙቀቱ ሲመጣ ግን አዳራሹን ትተን ታውኑስ ጫካ ዳር አንድ ቀን ሙሉ እንጸልያለን። ልጆች ብርድ ልብስ ላይ ይቀመጣሉ፤ እናቶች ሣሩ ውስጥ በጉልበታቸው ይንበረከካሉ። ጀርመኖች ከጫካ ሲወጡ ካልሲያቸውን ሳይቀር ገልብጠው ገላቸውን ይፈትሻሉ። እኛ የምንፈትሸው ምግብ ተርፎ እንደሆነ ነው።

ዞሰንሃይም ያለችው የሰፈራችን ሐኪም ቀለበቱን ገና ስታየው አወቀችው። ሌላው ዓለም «ላይም» የሚለው፣ ጀርመኖች «ቦረሊዮዘ» የሚሉት በሽታ ነው። አንቲባዮቲክ አዘዘች፤ እማዬ አንድም ሳታጓድል ዋጠች፤ ቀለበቱም ጠፋ።

በሚቀጥለው እሁድ፣ በምስክርነት ሰዓት፣ እማዬ ተነስታ ማይክሮፎኑን ያዘች።

እኛ ጋ ሰው ፈውሱን የሚመሰክረው ከዳነ በኋላ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ቀድሞ ይመሰክርና ፈውሱ ተከትሎት እስኪመጣ ይጠብቃል። በአፍ «አሞኛል» ማለት በሽታውን «አረፍ በል፣ ቤትህ ነው» ማለት ነው ብለው የሚያምኑ አሉ፤ እማዬም እንደዚያ ታምናለች። እና «ጌታ ከመዥገር መርዝ አዳነኝ!» አለች። አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። እኔም እልል ብያለሁ። ወደ ቦታዋ ስትመለስ ግን የየወንበሩን ጀርባ እየተደገፈች ነበር የምትራመደው።

ወዲያው በዚያው ሳምንት ሐኪሟ ዘንድ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ነበረን። «እንዴት ነዎት አሁን?» አለቻት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እኔም ተረጎምኩ፤ ደህና ናት አልኩ። ሐኪሟ ፈገግ ብላ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈችው።

ከዚያ ክረምቱ ከነብርዱ መጣ፤ ሕመሙም ግልጽ ብሎ ወጣ። ዛሬ ትከሻ፣ ነገ ጉልበት፣ ከነገ ወዲያ ጣቶቿ። ኦስትሃፈን በምትሠራበት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስታሽግ መደርደሪያው ይጠፋት ጀመር፤ ለዓመታት ዓይኗን ጨፍና የምትደርስበት መደርደሪያ። ቤት ስትመጣ ደረጃው መሀል ቁጭ ትላለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ጫማዬን ላስር ነው» ትላለች፤ ጫማዋ ማሰሪያ የለውም። የሶስ ጠርሙስ ክዳን መክፈት አቅቷት፣ እኔ እንዳላይ ጠርሙሱን መልሳ ፍሪጅ ውስጥ ስትከተው አይቻለሁ። የሰው ድምፅ ይከብዳታል። ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ ትጨምራለች፤ እኔም ዝም ብዬ እበላለሁ።

ወደ ትልቅ ሆስፒታል፣ ነርቭ ሐኪም ዘንድ ላኳት። ደሟን አዩ፤ ከጀርባ አጥንቷ ውስጥም ፈሳሽ ቀድተው መረመሩ፤ ፈሳሹ ምንም የለበትም። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ቀስ እያለ ነው የሚያወራው፣ ለእኔ ብሎ መሰለኝ።

«ደምዎ ውስጥ የታየው ሰውነትዎ በሽታውን ለመዋጋት የሠራው መከላከያ ነው። በሽታው ከሄደም በኋላ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ባክቴሪያው አሁንም አለ ማለት አይደለም» አለ። «ደግሞም ከመድኃኒቱ በኋላ ደህና እንደነበሩ እዚህ ተጽፏል። አሁን ያለው ሌላ ነገር ይሆናል። ብዙ ይጨነቃሉ?»

ተረጎምኩላት።

«እብድ ነሽ እያለኝ ነው?»

«አላለም፣ እማዬ።»

«በዓይኑ ብሏል።»

ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት። «ለምን አልነገርሽውም? ከመድኃኒቱ በኋላ ደህና ሆነሽ አታውቂም እኮ!»

«እግዚአብሔር ፊት ተፈውሻለሁ ብዬ ለነጭ ሐኪም አልተፈወስኩም ልበል?» አለችና አሳንሰሩን ትታ፣ በእልህ፣ በደረጃ ወረደች። ታች ስንደርስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ አብራት የምትዘምር ጓደኛዋ ቤታችን መጣች። ይቺ ሴት ሲያወራ የሚውል ስልክ አላት፤ ከቪዲዮዎቹ የማታገኘው ነገር የለም። «እህቴ፣ አንቺ ተፈውሰሻል፤ እሱ አለቀ» አለች። «ይሄኛው የቀረው ርዝራዡ ነው። ለርዝራዡ ደግሞ ሐኪም አለ።» የነገረችን ሐኪም ፕራክሲስ የሚሉት የግል ክሊኒክ ያለው፣ ሥር የሰደደ ቦረሊዮዘ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ሌሎቹ ሐኪሞች እንዲህ የሚባል በሽታ መኖሩ አልተረጋገጠም ይላሉ፤ እሱ ደግሞ እነሱ ማየት አይፈልጉም ይላል።

ሄድን። ግድግዳው ላይ የጫካ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሰው በመዥገር ላስነከሰ ጫካ ክብር መስጠት ነው የመሰለኝ። ሰውየው ግን ሰማት። ሰዓቱን አንዴም ሳያይ ሰማት። የራሱን የደም ምርመራ አደረገና በሚቀጥለው ቴርሚን ባክቴሪያው ተደብቆ እንዳለ ነገረን። ከአንገቷ በታች፣ ደረቷ ላይ ቱቦ ይገባላታል፤ ለወራት አንቲባዮቲክ በኢንፉዥን ይንጠባጠብላታል። «ታካሚዎቼ ሁሉ ይድናሉ» አለ።

ስንመለስ ኤስባኑ፣ የከተማው ባቡር፣ ውስጥ እማዬ እጄን ያዘች። «አመነኝ» አለች። ደጋግማ፣ «አመነኝ።» መስኮቱ ላይ ፊቷን አየሁት፤ ቆንጆ ነበረች።

እኔ ግን ሳነብ ሰነበትኩ። አንደኛው ወገን ረጅም አንቲባዮቲክ ውስጡ ምንም የሌለበት ኪኒን ከመዋጥ አይሻልም፣ ቱቦው ራሱ ደም ሊመርዝ ይችላል ይላል። ሌላው ወገን ማንም አላመነንም፣ ራሳችን ነን ያወቅነው ይላል። በሁለቱም በኩል ቁጣ አለ። በሁለተኛው በኩል የተጻፈው ደግሞ የእማዬን ወሬ ይመስላል፤ ደረጃው፣ መደርደሪያው፣ ሁሉም። አንብቤ ስጨርስ የማን ወገን እንደሆንኩ አላውቅም ነበር። የማውቀው ቱቦው እንዲገባባት አለመፈለጌን፣ ሳይገባላት እንዳይቀርም መፍራቴን ነው።

ለቱቦው ቅድመ ምርመራ ያስፈልግ ስለነበር ወደ ሰፈራችን ሐኪም ተመለስን። እሷ ኮምፒውተሯን አየች፤ የቱቦው ነገር ሲነሳ ፊቷ ጠቆር አለ።

«ከአንቲባዮቲኩ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ደህና ነበሩ?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስ...» ብላ እማዬ ቆመች። እኔ ልተረጉም አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ። ሐኪሟን አይደለም ያየችው፤ እኔን ነው።

«አንድም ቀን ደህና ሆኜ አላውቅም። እንደዛ በያት። እልል ሲባል ራሱ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነበር በያት።»

አልኳት። እልልታን ማስረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደ።

ሐኪሟ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። «ይህን ስላልሰማሁ አዝናለሁ» አለች። ከዚያ የምታውቀውን ነገረችን። አንዳንድ ሰው ታክሞም ድካሙና ቁርጥማቱ አይለቀውም፤ የውሸት አይደለም፤ ከምን እንደሚመጣ ግን በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ባክቴሪያው ተደብቆ መኖሩና ለወራት በሚንጠባጠብ መድኃኒት መሞቱ አልተረጋገጠም። ቱቦውን አትመክርም። የምትሰጠን የሕመም ማስታገሻ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምናና ቀለል ያለ ሥራ ይሰጣት የሚል ወረቀት ነው።

«እና መቼ ይሻለኛል?»

«አላውቅም።»

መንገድ ላይ እማዬ ተናደደች። «ያኛው ያውቃል። ይቺ አታውቅም። ካላወቀች ምን ልትሠራ ነጭ ለብሳ ትቀመጣለች?» እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም፤ የተረጎምኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም የእኔ ይመስል።

ጓደኛዋ በየቀኑ ደወለች። «ሕክምናውን ጀምሪ በቃ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ትላለች። እማዬ «እሺ፣ እሺ» ትልና ስልኩን ዘግታ ሶፋው ላይ ትተኛለች። ቱቦው ሊገባ ሲቃረብ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተኝታለች ብዬ ቀስ ብዬ ሳልፍ፣

«ያ ዶክተር ሁሉም ይድናሉ ነው ያለው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አንድ እንኳ ያልዳነ አለ አላለም?»

«አላለም።»

ፊቷን ወደ ጣሪያው አዞረች። «እኔም ማይክሮፎን ይዤ እንደሱ ነው ያልኩት። ያልመጣውን መጣ ብሎ የሚመሰክር ሰው ድምፁ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ» አለች።

«ይዋሻል ነው የምትይው?»

«እኔ ዋሽቼ ነበር እንዴ? በጣም ስለፈለግኩት ነው።»

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስልኩን ሰጠችኝና ቴርሚኑን ሰርዢ አለችኝ። የፕራክሲሱ ሴትዮ ትሑት ናት። «እናትሽ ተሻላቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ፣ «ተሻላት ወይ ትላለች» አልኩ።

እማዬ ግማሽ የታጠፈ አንሶላ ይዛ ቆማ ነበር። ጣቶቿ የዚያን ቀን አብጠው ነበር፤ ጫፉ ደጋግሞ ያመልጣታል።

«አልተሻለኝም» አለች። «አልተሻላትም፤ ግን አትመጣም በያት።»

አልኳት። ሴትዮዋ መልካም ጤንነት ተመኘችልን። ስልኩን ዘጋሁና የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዝኩላት።