ዳዊት የጨረስኩ ቀን

የጎረቤት በግ ሲገፈፍ ሽታው በአጥሩ ገባ። የልጅ ልጄ ደግሞ «ለክፍላችን ድግስ አምጡ ተብለናል፤ ምን ይዤ ልሂድ?» እያለ ይነዘንዘኛል። ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ልጅ ሆኜ ጎባ ላይ ዳዊት ስጨርስ፣ የኔታንና ተማሪዎቹን መጋበዝ የአባቴ ድርሻ ነበር። አባቴ አገሩን ከያዙት ወታደሮች አንዱ ነውና ድርሻውን በገባራችን በአባ ሁሴን ላይ ጣለው። «ነገ ሙክት ታመጣለህ!» አላቸው።

በማግስቱ ሁላችንም ጎምጅተን ስንጠብቅ፣ ሽማግሌው ሙክቱን ተሸክመው ገቡ። ታርዶ ተገፏል፤ በብርዱ ከሥጋው እንፋሎት ይወጣል።

አባቴ ዱላውን አነሳ። «ማን እረድ አለህ? እስላም ያረደውን እንደማንበላ አታውቅም?»

«ሙክት አሉኝ ጌታዬ፤ ሙክት አመጣሁ። ቢስሚላህ ብዬ ነው ያረድኩት።»

«ይዘህልኝ ጥፋ!»

አባ ሁሴን ሙክቱን መልሰው ተሸከሙት። የተራቡት ጓደኞቼ በእኔ ላይ አፈጠጡ። ሽማግሌው በአጠገቤ ሲያልፉ ዝቅ ብለው፣ «የኔም ልጆች ሥጋ ይወዳሉ» አሉኝ። ዓይናቸው ውስጥ ምሕረት አልነበረም።

«አባባ፣ ምን ይዤ ልሂድ?» አለኝ የልጅ ልጄ እንደገና።

«ከራስህ ቤት ያለውን!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው አለቀሰ።