ልጄ የፋቀችው መጨረሻ

የሐምሌ ሚካኤል ለት ነው። ደብረ ታቦር ከንጋት ጀምሮ ጉም ለብሳ ይዘንብባታል። ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ልጄ ብርቄ፣ ከአረብ አገር የተመለሰችው የእህቴ ልጅ ሰናይት።

ብርቄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት፣ አትናገርም። ሲብስባት ግንባሯን እስኪደማ ከግድግዳ ታጋጫለች። ጠበል ወስጃታለሁ፣ መድኃኒትም ትውጣለች። ሲያቅተኝ እጇን በመቀነቴ አስራለሁ... እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የጭቃ ግድግዳችንን በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ለጥፌበታለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ኋላ ማንበብ የተማርኩት ከሱ ነው። ስለጥፈው ግን ገና ፊደል አልለይም ነበር።

ሰናይት አልጋው ላይ ተዘርራ፣ ራሷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ብርቄን ታስቃታለች።

«አክስቴ፣ ይኼን ጋዜጣ ዘቅዝቀው ነው እንዴ የለጠፉት?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ቆይ... ይኼ እኮ የብርቄ ነገር ነው!»

እንደተዘቀዘቀች አነበበችልኝ። ራሳቸውን ክፉኛ ለሚጎዱ፣ ሌላ ሕክምና እምቢ ላላቸው የኦቲዝም ልጆች፣ ሐኪሞች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ያስገባሉ ይላል ጋዜጣው። ደረት ውስጥ የተቀበረ ባትሪ ኤሌክትሪክ ይልክበታል። ገና ሙከራ ነው። ለአንዲት ልጅ ተሠርቶላት...

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ የለም፣ አክስቴ። ተፍቋል።»

ቀርቤ አየሁ። መጨረሻው የነበረበት ቦታ ብርቄ ሁልጊዜ የምትጋጭበት ነው። ግንባሯ ወረቀቱን በልቶት ጭቃው ወጥቷል። ጠቆር ያለውን ደም እኔው ነኝ ስንት ጊዜ በጨርቅ የጠረግሁት።

ሰናይት ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም።

«ድና ይሆናላ» አለች ቀስ ብላ።

እኔ ክፉውን አሰብኩ።

ብርቄ ተነሥታ መጣች። ሁለታችንም እጃችንን ዘረጋን... አልተጋጨችም። ግንባሯን የተፋቀው ቦታ ላይ አሳርፋ ቆመች።

«የምታነብ አትመስልም?» አለች ሰናይት። ማናችንም አልሳቅንም።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን በምላጭ ከነጭቃው አንሥቼ በፌስታል ጠቀለልኩ። መቀነቴን ወገቤ ላይ ታጠቅሁ። የብርቄን እጅ ሳላስር፣ በእጄ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ወረቀቱን ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ሕክምናው እዚህ አገር ይሠራል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም።

የተፋቀውን ቦታ በጣቴ እያሳየሁ፣ «ይቺ ልጅ ኋላ ምን ሆነች?» አልኩት።