ወደ መካኒሳ፣ ለጥርስ ሲባል

ንጋት፣ ከናዝሬት ማዶ

ከሸንኮራ እርሻው መንደር ስንወጣ ጎህ ገና እየቀደደ ነው። የሁለት ዓመቷ ልጄ የሺ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። የቀበሌው የይለፍ ወረቀት ጉያዬ ውስጥ፣ አፌም ነጠላዬ ስር ነው። የመንደራችን የጉድጓድ ውሃ ጥርሴን አበልዞታልና ሳወራ በነጠላ፣ ስስቅ በእጄ እሸፍነዋለሁ። ባልሽ ያገባሽ ጥርስሽን ሳያይ ነው እየተባለ ሲቀለድብኝ ኖሯል። እውነትም ሳያይ ነው!

የክሊኒኩ ድሬሰር እንደነገረን ጥፋቱ የፍሎራይድ ነው፤ ከመሬት ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ቢያፈሉትም አይጠፋም። የየሺ የወተት ጥርሶች ነጭ ናቸው፤ ቋሚዎቹ ግን ይኸው አሁን ከድዷ ስር እየተሠሩ ነው። ባሌ የጠርሙስ ውሃ እንግዛላት ብሎ ነበር። ድሬሰሩ የጠርሙሱም ውሃ ከመሬት የተቀዳ ነው፣ ፍሎራይዱ ሳይለካ አይታመንም አለው። ስለዚህ ቋሚ ጥርሷ እስኪወጣ የቧንቧው ውሃ ደህና በሆነበት በመካኒሳ አቦ ያለችው ታላቅ እህቴ ታሳድጋት ተባለ። ልጄን ልሰጥ እየሄድኩ ነው።

ረፋድ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ ዱከም። ጭጋግ፣ የሽንኩርት ኩንታል፣ የሚያንቀላፉ ፊቶች። ሕልም ይሁን እውን እንጃ፣ የሺ ትልቅ ሴት ሆና ሰርግ ቤት ውስጥ አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ እኔን ግን አታውቀኝም። ስነቃ እቅፌ ውስጥ አጥብቄ ያዝኳት።

ቃሊቲ ኬላ ሁላችንንም አስወረዱን። ፈታሹ አረቄ መስሎት የመንገድ ውሃዬን ከፍቶ አሸተተ። ከዚያ ነጠላዬን እንዳወርድ አዘዘኝ። ጥርሴን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቴም እንዳንቺው ናት፤ የዝዋይ ሰው ናት» አለኝና ወረቀቴን ሳያነብ አሳለፈኝ።

ከሰዓት፣ መካኒሳ አቦ

ሳሪስ ወርደን በላፍቶ በኩል በእግር አዘገምን። ባሕር ዛፍ፣ የጤፍ ማሳ፣ ከዚያ ደግሞ ባሕር ዛፍ። ፀሐይዋ ለስለስ ብላ እግሬ መሬት የሚረግጥ አይመስለኝም ነበር። እህቴ እትዬ አልማዝ ቦኖው አጠገብ ጣሳ ይዛ ጠበቀችን። የሺ ጭልጥ አድርጋ ጠጣች።

ቤት ገብተን እትዬ አልማዝ ብብቷን ኮረኮረቻት። ልጄ ሳቀች፤ ሳቀችና ትንሿን እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንደ ወተት የነጣ ጥርሷን እንደኔ ሸፈነችው።

እትዬ አልማዝ ወደ እኔ ዞረች። «ይሄንንስ ከየትኛው ጉድጓድ ጠጣችው?» አለችኝ።

በነጋታው፣ መልስ

ልሄድ ስነሳ የሺ ለቅሶዋን አቀለጠችው። ነጠላዬን ከፊቴ አወረድኩና ጥርሴን ሁሉ አሳይቼ ሳቅኩላት። ለቅሶዋን ትታ ትኩር ብላ አየችኝ፤ ጣቷን ሰድዳ የበለዘውን ጥርሴን ነካ ነካ አደረገችው። ልጄ ጥርሴን እንዲህ በቅርብ አይታው አታውቅም።

እስክታጠፍ ድረስ ወደ እሷ እየዞርኩ፣ አፌን ሳልሸፍን፣ እየሳቅኩ ሄድኩ። ያለቀስኩት ከታጠፍኩ በኋላ ነው።