እህቴ መርዶ የሰማችበት ተራራ

የታላቅ እህቴ ባል በደርግ ጊዜ አየር ወለድ ወታደር ነበር። ሰሜን ጦር ግንባር ላይ ከአውሮፕላን ዘሎ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሞተ ያለ የለም፣ ተማረከ ያለም የለም። እሷ በሱዳን በኩል ተሰዳ አሜሪካ፣ ኦክላንድ እኔ ጋ ስትመጣ ጥቁር አልለበሰችም። መርዶ ሳይነገራት እንዴት ታልቅስ? በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም እርግጡን ሳያውቁ አያረዱም። እኔ ግን በሽማግሌዎቹ እበሽቅ ነበር። ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ውላ ትመጣለች፣ እራት አትበላም፣ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። ስልኩ ሲጮህ ትበረግጋለች። ዓይኔ እያየ አለቀች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታክሲ የሚነዳ ጎረቤታችን፣ «ዛሬ ኦፍ ነኝ። ከኮንኮርድ ከተማ ጀርባ ተራራው ላይ ለአየር ወለዶች የቆመ ሐውልት አለ፣ ራይድ ልስጣችሁ» አለን። ደግ የሠራ መስሎት ነው። አይሆንም ልል አፌን ስከፍት እሷ ቀድማ መኪናው ውስጥ ገብታለች።

ሐውልቱ ያን ያህል የሚያስደንቅ አልነበረም። ፓራሹት የተቀረጸበት ድንጋይ፣ ከሥሩ የስም መዓት፣ ዙሪያውን የደረቀ ሣር። አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ የወታደር ቆብ አድርጎ ድንጋዩን በጨርቅ ይወለውላል። በወጣትነቱ ከነዚህ ሟቾች ጋር የዘለለ መሆኑን ነገረን።

«ጠይቂያቸው» አለችኝ። «ሬሳው ሳይገኝ የቀረ አለ ወይ በያቸው።»

ጠየቅሁት። «አለ። እነሱም እዚሁ ተጽፈዋል» አለ።

«ለሚስቶቻቸው ማን ነገራቸው?» አለች እህቴ።

«የጦሩ ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው።»

የተጻፉትን ስሞች በጣቷ እየዳሰሰች፣ «የኔም ባል እንደናንተው ዘሎ ነው የቀረው በያቸው» አለችኝ። ነገርኩት። ሰውየው ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘና፣ «ባልሽን በማጣትሽ በጣም አዝናለሁ» አላት። የዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ ድመት ሲሞትም ይሉታል።

እንዳለው ተረጎምኩላት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጠቀች።

«እትዬ፣ እሱ ምን ያውቃል? ፖላይት ሆኖ ነው እኮ» አልኳት።

«ሽማግሌ ናቸው። ወታደር ናቸው። ቆባቸውን አውልቀው ነገሩኝ። ከዚህ በላይ ማንን ልጠብቅ?» አለችና ደረቷን ትመታ ጀመር። ያን ሁሉ ዓመት የታመቀ ለቅሶ እዚያ ወጣ። ሰውየው ጨርቁን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔም አቅፌያት አለቀስኩ፤ ለማን እንደማለቅስ ግን አላወቅሁም።

ኦክላንድ ቤታችን ለቅሶ ተቀመጥን። ለቀስተኛው «ማን አረዳት?» ሲለኝ፣ «አንድ ሽማግሌ ወታደር» እላለሁ። የየት አገር ወታደር ብሎ የጠየቀኝ የለም።

እሷ ቁርጧን ካወቀች ወዲህ ጥቁሯን ለብሳ እራት ትበላለች፣ እንቅልፍም ይወስዳታል። ስልኩ ሲጮህ አሁን የምበረግገው እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የባሏን ድምፅ ብሰማስ እያልኩ በፍርሃት አነሳዋለሁ።