ነጩ የሮክ ኤንድ ሮል ልብስ ለያሲን ልኩ ሆነ

ንጋት፣ ሌዊስቪል

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ልጄ ሰይድ ታክሲውን አሞቀ፤ እኔ ነጠላዬን ደርቤ ከፊት ገባሁ። የልጅ ልጄ ያሲን ከኋላ ነጭ ልብሱን እንደ ሕፃን ታቅፏል። አንገትጌው የቆመ፣ ደረቱ የሚያብለጨልጭ፣ ሱሪው ከታች እንደ ቀሚስ የሰፋ ነው። የዚያን የጥንት ነጭ የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኝ ዘፈን ከነውዝዋዜው ሊጫወት፣ ፎርት ወርዝ ላይ ይወዳደራል። ዘፋኙ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ አሜሪካኖቹ ግን ዛሬም አልጠገቡትም።

ሰይድ ፊቱ ጠቁሯል።

«እማዬ፣ አድርሻችሁ ኤርፖርት ሥራ እገባለሁ። ልጄ ሲሳቅበት ቆሜ አላይም።»

«ማን ይስቅበታል?»

«ጥቁር ልጅ ቴክሳስ ላይ እሱን ልምሰል ሲል? ወላሂ ይስቃሉ!»

«ባባ፣ ኢትስ ኦኬ» አለ ያሲን። ድምፁ ግን ቀጠነብኝ።

ረፋድ፣ ቤድፎርድ

መንገዱ ሰፊ፣ ዛፉ አጭር፣ ሰማዩ ማለቂያ የለውም። ማደያ ቆመን ዶናት ስንገዛ፣ ፀጉሯ የነጣ ሻጭ ልብሱን አየችና ከባንኮኒዋ ወጣች። ከባሏ ጋር የተዋወቁት በዚያ ሰው ዘፈን ሲጨፍሩ ነው አለች፤ ያሲን ተረጎመልኝ።

«የኔውም ባል ኮምቦልቻ ላይ እሱን ልምሰል ብሎ ፀጉሩን በቅቤ እያሸ ሽቅብ ያበጥር ነበር በላት» አልኩት። «ዝንቡ አላስቀምጠው እያለ!»

ሴትዮዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሰይድ ዞረ።

«አባዬ? በቅቤ?»

«ሙሽራ ሲሆንም። ፎቶውን አይተህ ፀጉሩን ኮፍያ ነው ያልከኝ እኮ!»

እኩለ ቀን፣ ፎርት ወርዝ

አሮጌ የቲያትር አዳራሽ ነው። ሰይድ «አምስት ደቂቃ ፓርክ አድርጌ እሄዳለሁ» ብሎ በሩ ጋ ቆመ። ውስጡ ባለ ቦት ጫማ ሽማግሌዎች፣ የሜክሲኮ ቤተሰቦች፣ አፍንጫቸውን የተበሱ ወጣቶች፤ ሁሉም ዘፈኑን በቃሉ ያውቃል።

ያሲን መድረክ ላይ ሲወጣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሳቁ። የልጅ ልጄ እግሩን አንቀጠቀጠ፣ ከንፈሩን በአንድ ጎን ሰቀለ፣ በወፍራም ድምፅ ጀመረ። ሳቁ ጸጥ አለ። ዘፈኑ ሲሞቅ ትከሻውን መታው። ይሄማ የወሎ ትከሻ ነው! አዳራሹ ብድግ አለ።

እልል ብዬ ዶላር ይዤ ወደ መድረኩ አመራሁ። በእኛ ወግ ዘፋኝ ሲያስደስት ግንባሩ ላይ ገንዘብ ይለጠፍለት የለ? ጥበቃው ክንዴን ያዘ። «ኖ ማም!» ዶላሩን እያሳየሁ ግንባሬን ብመታ ያበድኩ መሰለው።

አንድ ሰው ከበሩ በኩል እየተጋፋ መጣ። ሰይድ!

«እናቴ ናት! ያ ልጅ ደግሞ ልጄ ነው!» አለ፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም፣ አዳራሹ እስኪሰማ። ዶላሩን ተቀብሎኝ መድረኩ ላይ ወጣና በላብ በራሰው በያሲን ግንባር ላይ ለጠፈው። ያሲን አላቋረጠም፤ ዓይኑ ብቻ ሞላ። ባለ ቦት ጫማዎቹም ገባቸው፤ ዶላራቸውን ይዘው ተሰለፉ።

መመለሻ

አንደኛ የወጣው የዳላስ ሰው ነው፤ ቦርጫም፣ ድምፁ ግን ወርቅ። ይገባዋል።

የታክሲው መስታወት ላይ የፓርኪንግ ቅጣት ጠበቀን። ሌላ ቀን ቢሆን ሰይድ አገር ያምስ ነበር። ወረቀቱን አንስቶ ላብ ችፍ ባለበት ግንባሩ ላይ ለጠፈና «እኔም ተሸለምኩ!» አለን።

እኔ ከኋላ ገባሁ፤ ያሲን ነጩን ልብስ ሳያወልቅ ከፊት። ሌዊስቪል እስክንደርስ ልጁ ዘፈኑን ሲያወጣ፣ አባቱ ግጥሙን ሳያውቅ ተቀበለ።