«ልጅ፦ የለኝም» ብዬ የጻፍኩበት ወረቀት

ከባለቤቴ ከደሳለኝ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ምስር መልቀም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እሱ ሰፌዱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠጠሩን በጣሳ ክዳን ይሰበስባል፤ እኔ ከጎኑ ልጃችንን ትርንጎን አጠባለሁ። ጎረቤቶቻችን «መምህሩ ሴት ሆነ» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም «ድንጋይ ሲነክስ የሚሰበረው የእኔም ጥርስ ነው» ይላቸዋል። ሰኞ ለፈተና ቁጥጥር ወደ አዲ አርቃይ ሄደ። የተሳፈረባት የጭነት ማኪና ሊማሊሞ ላይ ገደል ገባች።

ይህ ከሆነ አምስት ዓመት አልፎታል። አሁን የምጽፈው ግን ስለ አሟሟቱ አይደለም። እሱ ከሞተ በኋላ በአንድ ወረቀት ላይ ስላደረግሁት ነገርና ስሟን እስከ ዛሬ ስለማላውቃት ሴት ነው። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

በአርባው ቀን የደሳለኝ ታላቅ ወንድም አያ ውቤ ከአገሩ ከመካነ ብርሃን መጣ። ለቀስተኛው ሲወጣ ጠብቆ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ቤቱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ነገ ልቀቂ ይሉሻል። እናትሽም ዓይናቸው ደክሟል። የወንድሜን ልጅ ምን ልታበያት ነው? እኔ ዘንድ ላም አለ፣ ገብስ አለ። ጥምቀት ይለፍና መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«ትጠባለች እኮ አያ ውቤ።»

«ዓመት አልፏት የለም? እህል ትልመድ።»

«ሥራ ብይዝስ?»

«ሥራማ ከያዝሽ እኔ ምን ቃል አለኝ!»

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ሰድቤ አስወጣው ነበር።

ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ወር ያህል ቀርቶት ነበር። ሥራ ያልጠየቅሁበት ደጅ የለም። አንድ ቀን በከተማችን ፒያሳ ላይ፣ የአውሮፕላን ቲኬት በሚሸጥበት ቤት መስኮት ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ለሆስተስነት ሴቶች ይፈለጋሉ ይላል። እንግሊዝኛ የምታውቅ፣ ጤነኛ፣ ያላገባች፣ ልጅ የሌላት። የሕይወት ታሪኳንና ችሎታዋን በአንድ ገጽ ጽፋ በቀጠሮው ቀን አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ትቅረብ ይላል።

እዚያው ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ የቀረውን እንግሊዝኛ ደሳለኝ ማታ ማታ አስተምሮኛል። ከተቀጠርኩ እናቴንና ልጄን ይዤ አዲስ አበባ እገባለሁ ብዬ አሰብኩ። ልጄን ላለመነጠቅ ልጅ የለኝም ማለት ነበረብኝ።

ወረቀቱን ለማስጻፍ መጀመሪያ የሄድኩት ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ወደሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ወደ አያ ፈንቴ ነው። ጉዳዬን ነግሬ ሳልጨርስ መጻፍ ጀምረው ጮክ ብለው አነበቡልኝ።

«እኔ አመልካች፣ ባሌ በገደል የሞተብኝ፣ የሙት ልጅ ታቅፌ ከደጅዎ የወደቅሁ...»

«አያ ፈንቴ፣ ባልም ልጅም አይጻፍም።»

«ታዲያ በምን ያዝኑልሻል?»

«እንዲያዝኑልኝ አይደለም። የምችለውን ሥራ እንዲያውቁ ነው።»

ብዕራቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩት። «ተከሳሹ ማነው?»

«ተከሳሽ የለም።»

«ያለ ተከሳሽ ሠላሳ ዓመት ጽፌ አላውቅም! ደግሞስ ልጄ፣ የሚችል ሰው ምን ማመልከቻ ያስፈልገዋል? ሄዶ አይሠራም?»

ተራ የሚጠብቁት ባለጉዳዮች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደሳለኝ ከሞተ ወዲህ መጀመሪያዬ ነበር፤ ወዲያው አፍሬ ተነሣሁ።

ቤቴ ገብቼ ራሴ ልጽፍ በደሳለኝ ብዕር ጀመርኩ። አባቴ የቁስቋም መሪጌታ እንደነበሩ፣ ስንት ደቀ መዝሙር እንዳወጡ ግማሽ ገጽ ሞላሁ። ሳነበው እኔ የለሁበትም። ቀደድኩት። በሁለተኛው ላይ ሐዘኔን ጻፍኩ፤ ልክ እንደ አያ ፈንቴ ሆነ። እሱንም ቀደድኩት። ከአባቴና ከባሌ ሌላ ምን አለኝ? ባዶውን ወረቀት እያየሁ ብዙ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አንድ በአንድ መጣልኝ። ዳዊት ደግሜያለሁ። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ እናገራለሁ። በቁስቋም ንግሥ ሰው በተጨናነቀበት ዳስ ውስጥ ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ሳላፈስ አስተናግጃለሁ። ቀጥሎ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በሊማሊሞ ጠመዝማዛ በጭነት ማኪና ስንወርድ የታመሙ ሰባት መንገደኞችን ሎሚ ቆርጬ እየሰጠሁ፣ ራሳቸውን እየደገፍኩ፣ ዓይናቸውን ከገደሉ እንዲያነሡ እያጫወትኩ በሰላም አድርሻለሁ።»

እውነት ነው። ተጋብተን ደሳለኝ መጀመሪያ ወደተመደበበት ወደ አዲ አርቃይ ስንሄድ ነበር። ከሰባቱ አንዱ እሱ ነው። በየማጠፊያው ዓይኑን ጨፍኖ «ደረስን?» ይለኝ ነበር።

ከታች ሁለት መስመር ቀረኝ። «ጋብቻ፦ አላገባሁም። ልጅ፦ የለኝም።» ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት። ትርንጎ አልጋው ላይ ተኝታለች።

እናቴ አንብቢልኝ አለችኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። «ቀስ በይ፣ ልጅቱ ትሰማሻለች» አለች። 

የቀጠሮው ቀን ጥቁሬን አውልቄ የተዋስኩትን ሰማያዊ ቀሚስ ለበስኩ። በለቅሶው ፊቴን በጥፍሬ ፈጅቼ ስለነበር ሁለቱም ጆሮ ግንዴ ገና አልዳነም። ፓውደር አድርጌበት ሻሼን ዝቅ አድርጌ አሠርኩ። በጧት ትርንጎን አጥብቼ ወደ አዘዞ ወረድኩ።

የመጣነው አምስት ሴቶች ነበርን። መንገደኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አውሮፕላን በሚጠብቁበት ክፍል፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ኮት ለብሳ ጥግ ላይ ባለ ጠረጴዛ ተቀምጣለች። የእኔ ተራ የደረሰው ረፋዱ ካለፈ በኋላ ነው። ወረቀቴን ቀስ ብላ አነበበች።

«ሌሎቹ የአባታቸውን ማዕረግ ነው የጻፉት። ይቺን የሎሚዋን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ሰዎቹ ታመው ነበር።»

ፈገግ አለች። «ዓባይ በረሃ ላይ አውሮፕላኑ ሲናጥ የምንሠራው ይህንኑ ነው።»

ቀጥላ አራት ብርጭቆ ውኃ በትሪ ሰጥታኝ ክፍሉን ዙሪያውን እንድሄድ አዘዘችኝ። ሄድኩ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ልመለስ ስል አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት መንገደኞች የአንዷ ሕፃን አለቀሰ። የራብ ልቅሶ ነበር።

ጡቴ ሲወጠር ተሰማኝ። ላቆመው አልቻልኩም። ቀና ስል ሴትዮዋ ደረቴን እያየች ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ሰማያዊው ቀሚስ በሁለት በኩል ረጥቧል። በትሪው ልሸፍነው ወደ ደረቴ ሳስጠጋው ብርጭቆዎቹ ወርደው ተሰበሩ። ሰው ሁሉ ዞረ።

ሴትዮዋ ተነሥታ ኮቷን አወለቀች። ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝ። ከዚያ በቀስታ «ስንት ወሩ ነው?» አለችኝ።

«ዓመት ከሦስት ወር። ሴት ናት።» በዚያ ቀን ስለ ቤቴ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው።

«አባቷስ?»

 ሻሼን ከጆሮ ግንዴ ከፍ አደረግሁት። የለቅሶውን ቁስል አየችና ሌላ አልጠየቀችም።

ወደ ጠረጴዛው ወስዳ አስቀመጠችኝ። «ሕጉ የኔ አይደለም» አለች። «እኔ ባሳልፍሽ አዲስ አበባ ሐኪም ያይሻል፤ እዚያ ነው የምትዋረጂው። ከነዚህ ከሁለቱ መስመሮች በላይ ያለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ወረቀቱን ከታች አጥፋ በማስመሪያ ቀደደችው። ሁለቱ መስመሮች ያሉባትን ቁራጭ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠች። በቀረው ወረቀት ጀርባ ላይ «መርምሬያታለሁ፤ ትችላለች» ብላ ጽፋ ፈረመችበት።

«ስልክ ቤት ውሰጂው። እነሱ የሚፈልጉት ድምፅና እንግሊዝኛ ነው።»

ኮቱን ላወልቅ ስል እጄን ያዘችኝ። «ቲኬት ቤቱ በሚቀጥለው አውሮፕላን ይልክልኛል። ሂጂ አጥቢያት።»

ወረቀቱን በማግሥቱ ስልክ ቤት ሰጠሁ። ስሜን መዝግበው፣ ቦታ ሲኖር እንጠራሻለን ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ጥምቀት ደረሰ። ታቦታቱ ከቀሐ ወንዝ ሲመለሱ እኔ ከቤት አልወጣሁም። በሦስተኛው ቀን አያ ውቤ በቅሎ ይዞ መጣ። ያለኝ ያ ወረቀት ብቻ ስለነበር እሱኑ አሳየሁት። አገላብጦ አየው።

«ይህ ሥራ ነው?»

«የሥራ መጠየቂያ ነው።»

«እንግዲያ ሥራው ሲመጣ ትመጫለሽ።»

ትርንጎን በጋቢው ጠቅልሎ ከፊቱ አስቀመጣት። ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ሄደች። ጡቴ ስምንት ቀን አመመኝ፤ እያለብኩ ግድግዳ ሥር አፈሰስኩት። ከዚያ ደረቀ።

ስልክ ቤት የጠሩኝ በሰኔ ነው። ክረምቱ መንገድ ስለዘጋ መስከረም እስኪጠባ ጠብቄ መካነ ብርሃን ወጣሁ። ትርንጎ ከአያ ውቤ ሚስት ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ እንደ እንግዳ አየችኝ። አያ ውቤ ቃሉን ጠበቀ፤ አንድ ስልቻ ገብስ ጭኖ እስከ ደባርቅ ሸኘን። ልጄ በመንገድ ሦስት ጊዜ «እማ» ብላ አለቀሰች። የምትጠራው እኔን አልነበረም።

የአውሮፕላኑን መሥሪያ ቤት በመዋሸቴ አልጸጸትም። የሚከብደኝ አላገባሁም ብዬ በደሳለኝ ብዕር መጻፌ ነው። ያቺን ሴት ላመሰግናት ቲኬት ቤቱን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ፤ የሚያውቃት አላገኘሁም። ወተት የነካውን ኮት አጥቤ ተኩሼ ነበር የላክሁላት።

አሁን ስልክ ቤት እሠራለሁ። ቅጽ ሲሰጡኝ «ባል የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጅ ያላት» ብዬ እሞላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ምስር እለቅማለሁ፤ ጠጠሩን ትርንጎ በጣሳው ክዳን ትሰበስባለች።