ከሚኒሶታ ጋር ለመታረቅ

ጋሽ ኃይሉ ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው የመኪና ማቆሚያ እስከ መግቢያው በር መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳሉ። መንገዱ ዞሮ ዞሮ እዚያው ስለሚመልሳቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሂሩት፣ “ይህን ሁሉ ዓመት ነድተህ የትም አልደረስክም” እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ዋናው ሥራቸው ግን ሽምግልና ነው። ሴንት ፖል ውስጥ ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ለሁለት ቢከፈሉ፣ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። የሥራ ጃኬታቸውን አውልቀው ጥቁር ካፖርታቸውን ደርበው ብቅ ሲሉ ኩርፊያው ራሱ ከወንበር ተነሥቶ ቦታ የሚለቅላቸው ይመስላል። እሳቸው የያዙት ጉዳይ ሳይታረቅ ቀርቶ አያውቅም።

ባለፈው ኅዳር ልጃቸው ማዕዶት የሚኒሶታ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆና ተመረጠች። ጥር ላይ ቃለ መሐላ ስትፈጽም ጋሽ ኃይሉ የስቴቱን ምክር ቤት፣ የካፒቶሉን ነጭ ጉልላት ሽቅብ ሲያዩ ውለው አንገታቸው ለሳምንት ተጣመመ። ያ ሁሉ እብነ በረድ፣ ያ ሁሉ በረዶ፣ በመካከሉ ደግሞ ትናንት ጫማዋን ያሰሩላት ልጅ!

ከዚያ ወዲያ ግን ሰላም ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ የግል ጠበቃ ያገኘ መሰለው። አንዱ የፍጥነት ቅጣቱን ይዞ ይመጣል፤ አንዷ ጎረቤቷ በረዶውን እየዛቀ በሯ ላይ እንደሚከምርባት ትናገራለች። ሁሉም “ይንገሩልኝ” ባይ ነው።

“አባዬ፣ እኔ የስቴቱ ጠበቃ እንጂ የቸርቹ አይደለሁም” አለች ማዕዶት። “የቢሮዬን ኬዝ ከእኔ ጋር ዲስከስ እንዳታደርግ። ሥራዬን ታሳጣኛለህ።”

“እሺ” አሉ። እውነትም እሺ ብለው ነበር።

የካቲት ላይ አለልኝ መጣ። አለልኝ ማር በጥቁር አዝሙድ ለውሶ የሚሸጥ፣ ቲክቶክ ላይ ነጭ ጋወን ለብሶ “የስኳር በሽታን ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል” የሚል ነጋዴ ነው። ከማዕዶት ቢሮ ክስ ደርሶታል። ከሳሽ የሚኒሶታ ስቴት ይላል፤ አለልኝ ያየው ግን ከታች ያለውን የማዕዶትን ስም ብቻ ነው።

“ጋሼ፣ ምን አድርጌ አስቀየምኳት? ሠርጌ ላይ እስክስታ የወረደች ልጅ! እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ብቻ ያስታርቁኝ።”

ጋሽ ኃይሉ ጭንቅ ያዛቸው። እምቢ ቢሉ “ለልጃቸው አዳሉ” ተብሎ ስማቸው ይጠፋል። እሺ ቢሉ ለልጃቸው የሰጡት ቃል አለ። ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው አንድ መላ መጣላቸው።

“አባት ሆኜ አላናግራትም” አሉ ጠዋት። “ሽማግሌ ሆኜ ግን ማን ይከለክለኛል?”

“ካፖርት ስትደርብ አባትነትህ ይወልቃል?” አሉ ወይዘሮ ሂሩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱን የሽምግልና ባልደረቦቻቸውን፣ ጋሽ ቸሩንና ጋሽ ዱጋሳን፣ አስከትለው ማዕዶት በር ላይ ቆሙ። አለልኝ መኪና ውስጥ ቀረ። ከወዲያ ማዶ በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ባቡሩ ደወሉን እያቃጨለ ያልፋል። በረዶው ትልልቅ ላባ እየሆነ ሦስቱ ጥቁር ካፖርቶች ላይ ያርፋል፤ ከሩቅ ላያቸው ሦስት የተሞሸሩ ሽማግሌዎች ናቸው።

ማዕዶት በካልሲ ወጣች። “አባዬ? ቁልፍ አለህ አይደል? ምን ያስደውልሃል?”

“ዛሬ አባትሽ አይደለሁም” አሉ ጋሽ ኃይሉ፤ “ሽማግሌ ነኝ።”

ገቡ። ተቀመጡ ስትላቸው ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጋሽ ቸሩ ግድግዳውን በትከሻቸው ተደግፈው ጀመሩ። “ልጄ፣ አለልኝ አስቀይሞሻል። ስለ እኛ ስትዪ ይቅር በዪው።”

“ጋሽ ቸሩ፣ እኔን አላስቀየመኝም። ከሳሿ ሚኒሶታ ናት።”

“እንግዲያው ሚኒሶታን ጥሪልን” አሉ ጋሽ ዱጋሳ። “እኛ እናነጋግራታለን። እስከዚያው ይቺን ከአለልኝ ተቀበዪ።” ከካፖርታቸው ኪስ አንድ ብልቃጥ ማር አወጡ።

ማዕዶት እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ ሸሸች። “ጋሽ ዱጋሳ! እሱ ኤቪደንስ ነው! ያውጡልኝ ከቤቴ!”

ጋሽ ዱጋሳ ማሩን መልሰው ሸጎጡት። ማዕዶት ወደ አባቷ ዞረች።

“ሰኞ ይህን ለቢሮዬ ሪፖርት አደርጋለሁ። ከኬዙም እወጣለሁ፤ ምክትሌ ይይዘዋል። ወንበሩን ገና አላሞቅኩትም እኮ፣ አባዬ! ደግሞ ሽማግሌ መጀመሪያ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው? አንተ ነህ ያስተማርከኝ።”

ጋሽ ኃይሉ ካፖርቱ ከበዳቸው። ሽማግሌ መጀመሪያ “የተበደለው ማነው?” ብሎ ይጠይቃል። እሳቸው አልጠየቁም።

መኪናው ውስጥ አለልኝን ትክ ብለው አዩት። “ማንን ነው የበደልከው?”

አለልኝ መሪውን ይቧጥጥ ጀመር። “እትዬ ዙለይሃ ... የስኳር መድኃኒታቸውን ትተው የእኔን ማር ሲበሉ ከርመው ሆስፒታል ገቡ። ግን ድነዋል!”

ጋሽ ኃይሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቸው ራሳቸው ብርቱካን ይዘው ሆስፒታል ድረስ ሄደው የጠየቋቸው፣ እዚያው ሰፈር ያሉት ዙለይሃ!

“ወደ ቤታቸው ንዳ” አሉ። “ክሱን ይተዉልኝ ብለህ አንድ ቃል ብትተነፍስ ግን እዚያው ጥዬህ በእግሬ እሄዳለሁ።”

ዙለይሃ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ቃኙ። አለልኝ ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ እግራቸውን ያዘ።

“ተነሥ” አሉት። “ወገብህን ካመመህ የምታክምበት ያው ማርህ ነው። ይልቅ ስልክህን አውጣ። ያኔ ሐኪም ሆነህ ያወራህበትን ፊት አሁን አምጣልኝ።”

አለልኝ ስልኩን ደቀነ። “ማሬ ማር ነው። መድኃኒት አይደለም። መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ።”

“ፈገግ አትበል! እንደገና!” አሉ ዙለይሃ። አራተኛው ቀረጻ ላይ፣ ላቡ በጆሮው ግንድ ሲወርድ፣ “አሁን ገና ሰው መሰልክ” ብለው ትከሻውን መቱት። ጋሽ ቸሩ ያኔ ተቀመጡ።

ሚኒሶታ ግን ይቅር አላለችም። ክሱ በምክትሉ እጅ መንገዱን ቀጠለ፤ አለልኝም የራሱን ጠበቃ ያዘ። ማዕዶት በየእሑዱ ለምሳ መምጣቷን ተወች። ጋሽ ኃይሉ አውቶቡሳቸውን ያዞራሉ፣ ያዞራሉ፣ እዚያው ይመለሳሉ። ካፖርቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅለውት ማንም ቢደውል “አሞኛል” ይላሉ።

በረዶው ቀልጦ የመንገዱ ዳር ሁሉ ወንዝ ወንዝ ሲል፣ አንድ እሑድ በር ተደወለ። ጋሽ ኃይሉ ከፈቱ። ማዕዶት ቁልፏን በእጇ እያንቀጫቀጨች ቆማለች።

“ቁልፍ አለሽ አይደል? ምን ያስደውልሻል?”

“ዛሬ ዐቃቤ ሕግ አይደለሁም” አለች፤ “ልጅህ ነኝ። ርቦኛል።”

ገበታው ቀረበ። ጋሽ ኃይሉ ደስታው አላስችል አላቸው። “እኔ የምልሽ፣ ያን ቅዳሜ ከአንቺ ቤት ወጥተን ዙለይሃ ዘንድ ...” ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ማዕዶት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ፣ ቃሉ ሳያልቅ አፋቸው ውስጥ ከተተችው። ወይዘሮ ሂሩት ደግሞ ሁለተኛውን ይዘው ተራ ይጠብቁ ነበር።